ባዶና ዜሮ

ነሐሴ አጋማሽ ነው። አራት ኪሎ ላይ ዶፍ ያራግፋል፤
በመስኮቱ መስታወት የግቢው ጥድ እየቀለጠ ያልፋል።
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አስራ ስምንት ሆነን በጠባብ ክፍል፣
ዶክተር ረዳት ሳንባባል፣
ላፕቶፕ ከፍተናል፣ ስልጠና ልንካፈል።

አሰልጣኛችን ማስተዋል ገና ልጅ እግር ናት፤
ዕድሜዋ ከጥናቴ ቢበልጥ፣ በሁለት ዓመት።
«የይለፍ ቃላችሁን አትንገሩኝ» አለች፤ «ግን የልጃችሁ ስም ከሆነ፣
ወይ የትውልድ ዘመናችሁ፣ ሌባው ሳያንኳኳ ቤተኛ ሆነ።»
አንገቴን ደፋሁ።
ዶክተር ወርቅአፈራሁ ከት ብሎ ሳቀብኝ፤
የሱ ቃል በቢጫ ወረቀት፣
ከስክሪኑ ግርጌ ተለጥፎ እያየኝ።

የኔ ጥናት ዝናብ ነው። የሃያ አራት ክረምት፣ በሚሊሜትር፣
ጠብታ በጠብታ፣ መስመር በመስመር፣
ባንድ ፍላሽ ተጠቅልሎ፣ ፍላሹ በካኪ ፖስታ፣
ፖስታው በመሳቢያ ውስጥ፣ በአሮጌ ክራቫቴ ቦታ፣
መሳቢያው ቁልፉ ጠፍቶ፣ በሚስማር የሚፈታ።

«ሦስት ቅጂ» አለች፤ «አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ፣
ሦስተኛው ደመና ላይ ይውጣ፤ እሳት ቢነሳ፣ ውሃ ቢያጥለቀልቅ፣ እንዳንደነግጥ።»
ደመና?
«ልጄ፣ እኔ እኮ ከደመና ሲወርድ ነው የለካሁት፤
ሽቅብ ልመልሰው ነው፣ ሃያ አራት ዓመት ቁልቁል የቆጠርኩት?»
ክፍሉ ሳቀ። መብራት ሄደ።
በጨለማው የማስተዋል ድምፅ፣ «ሴቭ አድርጋችኋል?» ሲል፣
ሳቁም አብሮ ሄደ።

ከሻይ በኋላ ወደ ጽዳት ገባን፤ የአምድ፣ የረድፍ ለቀማ።
የጋሽ ደበላን ደብተር ዘረጋሁ፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው፣ ያረጀ፣ የተጨማደደ።
ጋሽ ደበላ የግቢው ዘበኛ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት፣
ከሜዳው መሀል የቆመችውን መለኪያ አጎንብሶ የሚያያት።
ሐምሌ አስራ ዘጠኝ ላይ ቁጥር የለም። በእርሳስ፣ ጎበጥ ባለ ፊደል፣
«ዛሬ አልለካሁም። ልጄን ልቀብር ነው» ይላል።

በሠንጠረዤ ግን ያችው ቀን ዜሮ ተብላ ተሞልታለች፤
ማን ሞላት አልልም። ማስተዋል ከኋላዬ ቆማ አየች።
«ዜሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «አልዘነበም ማለት ነው፤
ባዶ ግን፣ ለኪው አልነበረም፤ ሰማዩን አላየነው።»

ዘንቦ ነበር እኮ።
ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፤
ቀይ ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ሲነጥቀኝ አስታውሳለሁ፤
እስከ አጥንቴ በስብሼ፣ ጃንጥላዬን ለለቀስተኛ ሰጥቼ፣
ማታውን፣ ካልሲዬ ሳይደርቅ፣ ዜሮ ጻፍኩ፣
ከሠንጠረዡ ክፍት አፍ ሸሽቼ።

ዜሮዋን አጠፋኋት። ለአንዲት ቁጥር ጣቴ ከበደኝ።
የዓመቱ ድምር አልተነቃነቀም፤
አማካዩ ግን ፈቀቅ አለ።

ቀጥሎ ስም መሰወር ነበር። «የሰው ስም አይወጣም፣ ኮድ ስጡት።»
ጋሽ ደበላን «ታዛቢ ዜሮ አራት» አልኩት።
እንደገና ዜሮ! እጄን አወጣሁ፤ «ሰውየው ስሜ ይጻፍ ቢልስ?»
«ይጠየቃ» አለች፤ «ፈቃዱ በፊርማ ይመለስ።»

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዶፉ ሲያባራ፣ ቅጹን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
የግንፍሌን ቁልቁለት ወረድኩ፣ የታክሲውን ሰልፍ ጥዬ።
ጋሽ ደበላ በሩ ላይ ነበር፣ ከአሸንዳው የሚወርደውን በባልዲ ሲጠብቅ።
ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው።
«ያችን ቀን ምን ብለህ ሞላሃት?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«ባዶ ናት» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ።»
ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። ማናችንም አላነሳነውም።

እስክሪብቶ ሰጠሁት፤ መለሰልኝ።
ከጆሮው ኋላ አጭር እርሳስ ስቦ፣
«ይሄ» አለ፣ «ዝናብ ቢመታውም አይለቅ።»