ሁለት ደወል

ኩታናድ ውስጥ መሬቱ ከባሕር ዝቅ ይላል፤
ሩዙ ከቦዩ በታች ሲያድር ጀልባው በላይ ያልፋል።
ሰኔ ነው። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም፤
የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ወሬ አያስወራም።

ፊቴ ያለው ላፕቶፕ ሀርድ ዲስኩ ሞቷል፤
ነፍሱ በፍላሽ ነው፣ ሊኑክስ ተጭኖበታል።
መጀመሪያ ጥቁር ገጽ፣ የምርጫ ዝርዝር፤
ቀስቱን ስነካው ይወርዳል፣ ይወጣል ያለ ችግር።
ግባ ስለው ይገባል።
ፊደላት እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይሮጣሉ፤ ከዚያ ስም ይጠይቃል።

እጽፋለሁ። ምንም።
ደግሜ። ምንም።
ብነካ፣ ብጫን፣ ብደበድብ፣ የሚሰማኝ የለም፤
ጠቋሚዋ መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።

ባትሪውን ነቅዬ እስከ ስድሳ ቆጠርኩ፤
በእህቴ ጸጉር ማድረቂያ ከቁልፎቹ ሥር እርጥበት አባረርኩ።
ሌላ ፍላሽ፣ ሌላ እትም፤ ያው።
ባዮስ ገብቼ ያልገባኝን ሁሉ አጠፋሁ፣ መልሼ አበራሁ፤
ከኅብረት ሥራው ጸሐፊ ባለገመድ ኪቦርድ በዝናብ ሮጬ አመጣሁ።
ይሰካ እንጂ የት ይሰካ?
ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱን ዝገት በልቶታል ለካ።
በሌላው ፍላሹ አለ፤ እሱን ብነቅል የማሽኑ ነፍስ ይወጣል፤
ባልነቅል ደግሞ ኪቦርዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል።

ደቫሲ በር ላይ ቆሟል፣ ጥላውን እያራገፈ፣
የአሥር ሰዓቱ ጀልባ ዘግይቶበት፣ በዝናብ የተገረፈ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የጀልባ ሞተረኛ ነበረ፤
ጣቱ ላይ ያለው ጥቁር ዘይት ግን ጡረታ ሳይወጣ ቀረ።

«ዝርዝሩ ላይ ሳለሽ ይታዘዝሻል?»
«ይታዘዘኛል።»
«እንግዲያ ጣትሽም ደህና፣ ቁልፉም ደህና፤
ጠቡ ኋላ ከመጣው ጋር ነው፣ ኦማና።
ኋላ የመጣው ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»
«ኪቦርዱን ‹አለህ ወይ?› ብሎ ይጠይቃል፤
‹ካለህ መብራትህን አብራ› ይላል።»
«ካልመለሰለትስ?»
«የለም ብሎ ይመዘግበዋል። እዚያው ተጥዶ እያለ፣ የለም።»

ደቫሲ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል አለበት።
«እንዲያ ከሆነ እኔም አልነበርኩማ!
መሪ የያዘው ሰራንግ ላይ ነው፤ እኔ ከወለሉ ሥር፣
ከጭስ ጋር፣ ከሞተር ጋር፣ ወንዙንም ዳሩንም ሳላይ የምኖር።
ገመድ ይስባል፣ ደወል ይመታል፦
አንዴ ከሆነ ቁም፣ ሁለቴ ወደፊት፣ ሦስቴ ወደ ኋላ ማለቱ ይሆናል።
እኔ መልሼ የምመታው ደወል አልነበረኝም፤
‹ደቫሲ፣ አለህ ወይ?› ብሎ የጠየቀኝም የለም።
ጀልባዋ ከሄደች አለሁ፤
ከቆመች ሰምቻለሁ።»

ያኔ አንዲት ቃል ትዝ አለችኝ፣
ከአንድ መመሪያ ጥግ ሌሊት ያየኋት፣ ምን ታደርግልኛለች ብዬ ያለፍኳት።
ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። ዝርዝሩ ሲመጣ፣ ገና ሳይኳረፉ፣
ማስተካከያውን ከፈትኩ፤ ከረጅሙ መስመር ጫፍ ደርሼ ክፍት ቦታ ተውኩ፤
ያቺን ቃል አንድ ነጥብ ሳልስት ጻፍኩ።
ትርጉሟ ሲፈታ፦ «ይህ ኪቦርድ ዱዳ ነው፤
መልስ አትጠብቅበት፤ ዝም ብለህ ስማው።»

ጉንዳኖቹ ሮጡ። ስም ጠየቀ።
ደቫሲ ጥቁር ጣቱን ዘርግቶ አንዱን ቁልፍ ሁለቴ መታ፤
ሁለት ፊደል፣ ጎን ለጎን፣ ብቅ አሉ በአንድ አፍታ።
«ወደፊት» አለ፣ ለራሱ።

ጀልባው ደረሰለት። ጥላውን ሳይዘረጋ ወረደ፤
ከወንዙ ሁለት ደወል ሰማሁ፤ የመለሰ የለም፤ ጀልባው ሄደ።

ላፕቶፑ ዛሬም ይሠራል። የትልቅ ፊደል መብራቱ ግን በርቶ አያውቅም፤
ፍላሹም የትናንቱን አያስታውስም።
በየማለዳው፣ ልጆቹ የእግራቸውን ጭቃ በር ላይ ሲያራግፉ፣
ያቺን ቃል እንደ አዲስ እጽፍለታለሁ፦
ዱዳ ነው። አትጠይቀው።
አለ።