ሲጠብቅና ሲላላ

ሐሙስ ነው። ሂርማታ ገበያው ደርቷል፤
ከማና፣ ከሰቃ፣ ባጃጁ ይመጣል።
እኔ በረንዳው ላይ፣ በአንካሳው ወንበር፣
አቤቱታ ጸሐፊ፣ ገጹ በሃያ ብር፤
ጎኔ ተማም አባ ገሮ ሲንጀሩን ይዘውራል፣
ክር ሲበጠስበት በኦሮምኛ ያጉረመርማል።

አንድ ሰው መጣ ረፋድ ላይ፣ ፒካፑን አስጠግቶ፣
ጥቅል ካኪ ጨርቅ ከኋላው አውጥቶ፤
«አርባ የጥበቃ ልብስ፣ እስከ ሰኞ ድረስ፤
ደረቱ ላይ ጽሑፉ፣ በቢጫ ክር፣ እንዳይፈርስ።»

ቁራጭ ወረቀቱን ተማም ተቀብሎ፣
ፊደል በፊደል አነበበ፣ መነጽሩን ሰቅሎ፤
«ሰ፣ ፊ። እር፣ ሻ።» ዝም አለ። ደገመው።
«ምነው፣ ሰፊ ደግሞ እርሻ መቼ ነበረው?»

ሳቅሁ። «ተማም፣» አልኩት፣ «ሲጻፍ አንድ ነው፤
ልዩነቱ ከንፈር ላይ፣ 'ፊ' ላይ ነው ያለው።
'ፊ'ን ስታጠብቃት ሜዳው ይለጠጣል፣
ስታላላት ግን መርፌ ይዞ ይቀመጣል።»
«ሲጠብቅ ነው እንዴ፣ በእናንተ፣ የሚሰፋው?»
አለኝ፣ ስፒሉን ከጥርሱ ሳያወጣው።
«በእኛ አፍ ባልኣ ነው ሰፊው፣ ባለመርፌው ሌላ፤
አንዱ አንዱን አይሸሽግም፣ ሲጠብቅ ሲላላ።»

ድሮ፣ ሊሙ ላይ፣ «ልማት» ነበር ባጭሩ፤
«ልማት ወረድኩ» ይል ነበር ለቃሚው ሁሉ ከነዘሩ።
ዛሬ ሬዲዮው «ሰፋፊ» ይለዋል፣ 'ፋ'ን ደርቦ፣
ቃሉም እንደ ባለቤቱ ከጎረቤት ፊደል ስቦ።

ለተማም ያልነገርኩት አለ።
የዛሬ ሁለት ዓመት ያው ሰው እዚሁ በርጩማ ላይ ተደላደለ፤
«ትልቅ እርሻ በልልኝ» አለኝ፣ የመሬት ጥያቄ ሲያስጽፍ።
'ትልቅ' የልጅ ቃል ነው ብዬ፣ ሰረዝኩት በእስክሪብቶዬ ጫፍ፣
«ሰፊ፣ ዘመናዊ እርሻ» አልኩና አቆነጀሁት።
እውነት ለመናገር፣ ወደድኩት።
አሁንም ዓረፍተ ነገሩ ያምራል።
ሁለት ገጽ፣ አርባ ብር፤ ቃል ከዳቦ ይረክሳል።

'ሰፊ' ስል ያላየሁት፣ ግቤ ዳር የሚወርደውን መንገድ፣
ሴቶቹ ጀሪካን አውርደው የሚያርፉበትን ግንድ፣
የአባ ገሮን መቃብር፣ ከዋንዛው ጥላ ስር፣
በሦስት ድንጋይ የሚታወቅ የወንድማማቾች ድንበር።
ማኅተሙ ሲያርፍ እነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ ገቡ፤
እኔም ነኝ በሩን የከፈትኩላቸው፣ በሰዋስው፣ በውቡ።

ተማም ጨርቁን ዘረጋ፣ ጠመኔውን አነሳ።
«ለልጅ ስሰፋ፣» አለኝ፣ «ሁለት ጣት እጥፋት አልረሳ፤
ሲያድግ ይፈታለታል። ይህ ሰውዬ ሲሰፋ፣
እጥፋት የሚሆነው ጨርቅ በማን መቀስ ጠፋ?»
መልስ አልነበረኝም። የሌላ ሰው ክስ ጀመርኩ፤
ቀኑን ተሳሳትኩ፣ ሰረዝኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
የወንድሙ ልጅ ናዚፍ መጣ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ።
ሥራ አግኝቷል። የመጀመሪያውን ልብስ ሊሞክር ነው፤
ካኪው እጁን አለፍ ብሎ እስከ ጣቱ ሸፈነው።
አጎት አጎንብሶ፣ ልጅ ቀና ብሎ ቆመ፤
ቢጫው ጽሑፍ ደረቱ ላይ፣ ከልቡ በላይ ገጠመ።

«የት መደቡህ?»
«ዋንዛው ጋ።»
ሌላ አላወሩም። ተማም የእጅጌውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈ፣
በስፒል ያዘው፤ ከዚያ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ፣
ሁለት ጣቱን በአንገትጌው ሰድዶ ቆየ።
ልጁ ሽቅብ፣ ጣሪያውን አየ።

ሲንጀሩ ቆሟል፤ ከቆርቆሮው ጫፍ ውሃ ጠብ ይላል።
«እንዴት ነው?» አልኩት።
«ይጠብቃል።»