ሃያ ደቂቃ

ስምንት ሆነን ወጣን ከማላትያ ጣቢያ፣
ሦስት ትውልድ ባንድ ፉርጎ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ።
ወንድሜ ቱንጃይ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቻቸው፣
እናቴ ሳፊየ፣ ጉልበቷን እንደ ሕፃን እያባበለችው፣
አባቴ ነጃቲ፣ ጡረታ የወጣ የጣቢያ አለቃ፣
ሰዓቱ ከነሰንሰለቷ ደረቱ ላይ ተጣብቃ፤
እኔም ኑርሃን፣ ያላገባሁ የበኩር ልጅ፣
የክኒን ሣጥን ያዥ፣ ‹አይበላም› የሚል አዋጅ።

ሐኪሙ እንዲህ ብሎኛል፤ «አምሮት ሲመጣባችሁ፣
አትታገሉት፣ አትሽሹት፤ ውሃ ጠጡ፣ ተረጋግታችሁ።
ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። በር ያልከፈቱለት እንግዳ፣
አንኳኩቶ አንኳኩቶ፣ ይሄዳል ወደ ሌላ ጓዳ።»
ይህን ባቡር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰበክሁ፤
አባቴ በመስኮት ያያል። «ሰማህ?» አልሁት። «ሰማሁ።»

ኢስታንቡል ግን የሐኪም ምክር ሰምታ አታውቅም፤
ከሆቴላችን በር እስከ ባሕሩ አንድ ክንድ ባዶ የላትም።
እዚህ ሊጥ በዘይት ይዘላል፣ እዚያ ሥጋ ይሽከረከራል፣
ሰሊጥ የለበሰ ቀለበት ዳቦ በሰው ጭንቅላት ላይ ያልፋል፣
ባቅላባው ሽሮፑን እንደጠጣ በመስታወት ውስጥ ያበራል።
አባቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ፊቱ ይቆማል፣
ልክ እንደ ድሮው፣ የማይቆም ባቡር ሲያልፍ እንደሚያይ።
«አባባ፣ እንሂድ።»
ይሄዳል።
ዓይኑ ግን ትንሽ ቆይቶ ይከተለዋል።

እናቴ ተቆጣች፤ «ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤
ስንት ሊኖር ነው፣ አንድ ቁራጭ የምትነፍጊው?»
ቱንጃይ ስልኩን ያያል። ሚስቱ ልጆቹን ትቆጥራለች።
ትንሿ ኢልገን፣ ጉንጯ ድረስ ቸኮላት ተቀብታ፣ እጄን ትስባለች፤
«አክስቴ፣ የአያቴን ድርሻ እኔ ልብላለት?» ትላለች።

በማግስቱ፣ መርከቡ ላይ፣ ለውዝ አከፋፈልሁ፣
ለእያንዳንዱ ሰባት፣ እንደ ደመወዝ ቆጥሬ ከፈልሁ።
አባቴ አራቱን ለባሕር ወፎች ወረወረ፤
እንዳላየሁ ሆንሁ፤ እሱም እንዳላየሁት ሆኖ ዞረ።

በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ሆድ ካገር ይሰፋል፤ የእኔም ሆድ የሸሸገው ነበር፤
ታክሲም አደባባይ፣
በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ወጥ የራሰ ትንሽ በርገር።
እንፋሎት በሞላው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲያልበው አይቼው፣
ሁለት ቀን ሙሉ ለማንም ሳልነግር ተሸክሜው።
ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃውን ወረድሁ እንደ ሌባ፤
መንገድ ዳር ቆሜ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛው ሲገባ
ትዝ አለኝ፦ ውሃ አልጠጣሁም። አልተቀመጥሁም።
ሃያ ቀርቶ፣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ስመለስ፣ የሆቴሉ ደረጃ ላይ አባቴ ተቀምጧል፤
ጉልበቱ ላይ አፉ የታጠፈ የወረቀት ከረጢት አስቀምጧል፣
በእጁ ሰዓቱን ይዟል።
«አሥራ ስምንት» አለኝ ቀና ሳይል። «ሁለት ቀርቶኛል።»

ምን ልበል? ቆምሁ።
«ዘግይቶ የሚመጣ ባቡር መጠበቅ አርባ ዓመት የኖርሁበት ነው» አለ፤
«ሰው ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሐዲዱ ባዶ ነው።
መቼ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።
እንደማውቅ ሆኜ እቆማለሁ፤ ሥራው ይኸው ነበር።»
ከዚያ ቀና አለ። አገጬን አየ። መሐረቡን ሰጠኝ።
«እዚህ ጋ» አለ በጣቱ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝ።

አጠገቡ ተቀመጥሁ። አንዲት ድመት መጥታ ከረጢቱን አሸተተች፤
ቀጭኗ የሰዓት ዘንግ እየዘለለች፣ እየዘለለች።
«አንድ» አለ።
ወረቀቱ ላይ የቅቤው ክብ እየሰፋ ነበር።
ከታች፣ ከጨለማው፣ አንድ መርከብ አጉረመረመ፤
«ሲሞላስ?» አልሁት፤ «ሲሞላ ምን ታደርጋለህ?»
«ሲሞላ እናያለን» አለኝ፤
ጠጋ ብሎም፣ ለሁለታችን እንድትታይ ሰዓቷን አዞረልኝ።