መንገዱ ክፍት ነው

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ መንደሩ በእንቅልፍ ሲረታ፣
አያቴ ቶርላይፍ ይነሣል፣ በዳበሳ፣ በዝምታ፤
መብራት አያበራም ከቶ፣ ጉድሩን እንዳትነቃበት፣
ቦት ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲ ይወጣል ከቤት፤
ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያጠልቀዋል በብርድ ላይ፣
የቫራንገር ነፋስ ሲያፏጭ፣ ኮከብ ሳይኖር በሰማይ።

ሠላሳ ስምንት ክረምት ነዳ፣ ያን ብርቱካንማ መኪና፣
ፊቱ ላይ ማረሻ ያለው፣ በረዶ ገፊ ከጎዳና።
ዘር አይዘራ፣ አረም አያርም፣ ብቻ ያርሳል ነጭ እርሻ፤
ምርቱ ሰው ቤት መግባቱ ነው፣ ከመንገዱ መጨረሻ።

መጀመሪያ የአዋላጇ ደጅ፣ ከዚያ ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ወደብ፤
የኛ በር ሁሌም መጨረሻ፣ በረዶው ሲከመር፣ ሲደረብ።
ጉድሩን በመስኮት ትጮኻለች፦ «የመንደሩ ነህ ወይ ባል?»
እሱ ጢሙን ያራግፍና፣ «ሾርባ ተረፈ?» ይላል።

ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ፣ አንድ ሌሊት አብሮት ያድራል፤
የቤታችን ሕግ ነው ይሄ። ጥቁር ከረሜላ ይሰጠናል፣
ጨው ያለው፣ እንባ የሚያስመጣ። የኔ ተራ የደረሰ ለት፣
ወጀቡ መስታወቱን ጋረደው፤ አለቀስኩ ከፍርሃት።
«በረዶውን አትይው» አለኝ፤ «በረዶ ዓይን ያታልላል፤
ምሰሶዎቹን ቁጠሪ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይመጣል።»
እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቆጠርኩ።
ከዚያ ክንዱ ላይ ተኛሁ።

ትሮምሶ ለትምህርት ሄጄ፣ እሑድ ማታ ሲደውል፣
ስለ ፈተና አይጠይቅ፣ «ናፈቅሽኝ» ብሎ አይል፤
«የክረምት ጎማ አስገባሽ?» ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለው።
መኪና መች ነበረኝና! ብስክሌት ነው የምነዳው።
«አስገባሁ» እለዋለሁ። «ደግ»። ስልኩ ይዘጋል ባንዴ።
የፍቅር ደብዳቤ ኖሯል፤ ዛሬ ገና ገባኝ እንዴ!

ጻድቅ አልነበረም፤ በካርታ ያጭበረብራል፣
ለመሸነፍ ነው ግን፤ ንጉሡን ለትንሹ ልጅ ይጥላል።
ስምንት የልጅ ልጅ ሲጠራ፣ ስማችን ይምታታበታል፤
እኔን «ኡኒ»፣ ኡኒን «ሲሴል»፣ ውሻውን «አርንት» ይለዋል።
አርንት፣ የበኩር ልጁ፣ የተወለደ ለት አልነበረም፤
ወጀብ አግዶት ተራራው ላይ። ስለዚያ ሌሊት አውርቶ አያውቅም።

ከሞተ ወዲያ ነው ያየሁት፣ ሰማያዊ ደብተሩን፤
ሴንቲሜትር፣ ነፋስ፣ ሙቀት፣ ብቻ የአየር ጠባዩን።
ገጽ ስገልጥ፣ የተወለድኩበት ቀን፦

«አርባ ሁለት ሴንቲሜትር። የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ።
ከአምቡላንሱ ፊት ሆኜ፣ እስከ ሺርከነስ።
ሴት ልጅ።
መንገዱ ክፍት ነው።»

ኋላ ጉድሩን ስትዘነጋ፣ ስሙም ፊቱም ሲጠፋባት፣
ፀጉሯን ያበጥራል ጠዋት፣ በዚያ ሻካራ እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳያማት።
«ማነህ አንተ?» አለችው አንድ ቀን።
«መንገድ ጠራጊው ነኝ»።
«እንግዲያ ባሌ በደኅና ይገባል» አለች፣ እፎይ ብላ።
«ይገባል» አላት፤ ማበጠሪያውን እንደያዘ፣ ዞር አለ ወደ ሌላ።

በታኅሣሥ ቀበሩት፣ ፀሐይ ከነጭራሹ በማትወጣበት ወር፤
ኡኒ ማረሻውን ነድታ ቀደመች፤ መኪናው ሁሉ ተከተላት፣ እንደ ዶቃ ክር።
እኔ አልሄድኩም ከነሱ ጋር፤ ከጉድሩን ጎን ቀረሁ፣
በመጦሪያው ቤት መስኮት፣ ብርቱካኑን መብራት አየሁ።
መብራቱ ጣራው ላይ ዞረ። ማረሻው አስፋልቱን ፋቀ።
ጉድሩን ጆሮዋን አቀናች።

«አለፈ» አለች።
«አለፈ» አልኳት።

ጥቂት ቆየችና፣ ክንዴን ነካ አድርጋ፦
«ሾርባውን አሙቂው እንጂ!
አሁን እኮ የኛን በር ሊጠርግ ነው።»