ጭጋጉ እስኪለቅ

ሻጂ ሦስት ሌንሶች ደረደረልኝ በመስታወቱ ላይ፣
ሻርጃ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ ሮላ አደባባይ።
በኪሴ የያዝኩት ዘጠኝ መቶ ድርሃም፣
የአምስት ወር ጥሪት ነው፤ ደጋግሜ ብቆጥረው አይበዛም።

አንደኛው ግዙፍ ነው፣ ስድስት መቶ ሚሊ ሜትር፣
የሚይዙት እንደ ሕፃን፣ በሁለት እጅ፣ በክብር።
ወደ በሩ ዞሬ፣ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ፣ አሻግሬ አየሁ፤
ማዶ ፎቅ የተሰጣ የሰው ካልሲ፣ ቀዳዳውን ለየሁ።
«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ» አለ። ያልሰማሁ መሰልኩ።
ካልሲውን አንዴ ደግሜ አይቼ፣ መለስኩ።

ሁለተኛው ነጭ ነው፣ ስሙ የታወቀ፣ አራት መቶ ደራሽ፣
ዋጋው ግን ያለ ወጉ ርካሽ።
«ምን ነክቶት ነው?» አልኩት። የስልኩን መብራት ከኋላው ለኮሰ፤
በብርጭቆው ሆድ ነጭ ሥር በቅሎ፣ እንደ ሸረሪት ድር ጠርዙን አዳረሰ።
«ሻጋታ ነው። የነሐሴ ወበቅ ብርጭቆ ይበላል።
ላላወቀ ሰው ባወጣው ይሸጣል፤
አንቺ ግን ልጄን በየማለዳው ቀበቶ የምታስሪ፣
ነገም በሬ ላይ ቆመሽ ስሟን የምትጠሪ...»
ሳይጨርስ ሌንሱን ወደ መሳቢያው መለሰው።

ሦስተኛው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከሰባ እስከ ሦስት መቶ፣
የቀለበቱ ጎማ በማላውቀው ጣት ነጥቶ።
ሲረዝም ብርሃን ይሰስታል፤ ሰማዩ ደመን ሲል ይዋልላል፣
እንደ ሰካራም ቁልፍ ቀዳዳውን ፍለጋ ወዲህ ወዲያ ይላል።
«ሰባት መቶ።» «ስድስት።» በስድስት መቶ ሃምሳ ተስማማን።
ክዳኑ ጠፍቷል፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ።
የጎደለኝን ሦስት መቶ ሚሊ ሜትር በእግሬ ልከፍል ወጣሁ።

ሰዓዳ አልጋዋ ላይ ሆና «ለወፍ?» አለችኝ።
«ለወፍ» አልኳት። ባዶ ጆሮዋን፣ የጉትቻውን ቦታ፣ አሳየችኝ።
ትሪፖድ የሚሉትን ዋጋ ጠይቄ ትቼዋለሁ፤
ያሮጌ ሱሪ እግር ቆርጬ፣ ሩዝ ሞልቼ ሰፍቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ አጅማን፣ ዞራ። ማንግሮቩ ገና አልነጋለትም።
ስምንት ሴት በምንተኛበት ክፍል፣ ኤሲ ሲነፍስበት ያደረው ሌንስ
ከቦርሳው እንደወጣ ፊቱን አላበው፤ ነጣ፣ ታወረ።
በቀሚሴ ጠረግኩት። ወዲያው መልሶ ሸፈነው።
ሻጂ ነግሮኝ ነበር፦ «አትጥረጊው። ይሙቅ። ታገሺ።»

ተቀመጥኩ። ጭቃው ጫማዬን ቀስ ብሎ ዋጠ።
መምጣቴን አይተው የሸሹት ፍላሚንጎዎች
ራሳቸውን ውሃ ውስጥ ቀብረው፣ እንደ ቃርሚያ ለቃሚ፣
አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ፣ ወደ እኔ መጡ።
ሃያ ደቂቃ። ብርጭቆው ከመሃል ወደ ዳር እየጠራ ሲሄድ
የስድስት መቶው ርቀት ሦስት መቶ ሆኖ ቆየኝ።

አርባ ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ አንዷ ብቻ ጠራች፦
ከውሃው በላይ የታጠፈ ቀይ ጉልበት።

ሰኞ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ለሻጂ ልጅ ለሚናክሺ አሳየኋት።
«ጭንቅላቱስ?»
«ውሃ ውስጥ ነው፤ ቁርስ ላይ ነበር» አልኳት፣
ቀበቶዋን እያሰርኩላት።