ደረሰኝ ቁጥር አርባ ሰባት

ማታ ሁለት ሰዓት ነው፤ ካሰል ዝናብ አለ፤
ቦቲዬ በሩ ሥር ቆሟል፣ ጭቃውን እንዳዘለ።
ጠረጴዛው ላይ ነኝ፣ ከነሥራ ልብሴ፤
የታጨደው ሣር ሽታ አልለቀቀም ከራሴ።

የደረሰኙ ጥራዝ ባለ ሁለት ቅጠል፤
ነጩ ለሰው ይሄዳል፣ ብጫው እኔ ዘንድ ይውላል።
ቀን ብጫ ቅጠል ስጠርግ፣ ስሰበስብ ውዬ፣
ማታም ብጫ ቅጠል
እደረድራለሁ አንድ በአንድ ነጥዬ።

ዘርይሁን ማዶ ነው፣ መጋዙን ይስላል፤
ጥርሱን በሞረድ እየቆጠረ «ጻፍ እንጂ» ይለኛል፤
«መጋዙ የኔ ዕጣ፣ ብዕሩ ያንተ ነው፤
የግብሩ ሰው እንደሁ ወረቀት ነው የሚያምነው።»

ቁጥር አርባ አምስት። ሄር ኮልቤ። የአጥር ቁጥቋጦ ከርከማ፤
አሥራ ሁለት ሜትር፤ እሱ ሲለካ፣ እኔ ዳር ቆሜ ስሰማ።
ሁለት ከረጢት ቅጠል ማንሻ። የሰው ጉልበት፣ አራት ሰዓት።
አሥራ ዘጠኝ በመቶ ግብር፤ ከታች ድምር፣ ያለ ስሕተት።
ለእንዲህ ያለው ሰው መጻፍ እንዴት ቀላል ነው፤
ተጨባብጦ መለያየት ነው።

ቁጥር አርባ ስድስት ተበላሽቶ በሰያፍ ሰርዤዋለሁ፤
አይገነጠልም። ስሕተትም ተራ ቁጥር አለው፤
ይህን እዚህ አገር ተምሬአለሁ።

ቁጥር አርባ ሰባት።
ፍራው ሃርትቪግ። የፕሪም ዛፍ።
እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።

ባሏ የተከለው ነው፣ ቤቱ ገና ሳይከደን፤
ሥሩ ቧንቧ ሰብሮ፣ ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ልኮ፣ እኛን ጠራችን።
መሰላሉን ስንዘረጋ መስኮቱን ከፈተች፤
መጋዙ ሲጮህ መጋረጃውን ሳበች፤
ዝም ሲል መልሳ ከፈተች።
«ከዚያ ቅርንጫፍ ቬርነር ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል፤
ክረምቱን ሙሉ ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤
እስካሁን ያስቀኛል።»
መጥረቢያዬን ተደግፌ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማኋት፤
የጀርመንኛው ግማሽ አመለጠኝ፤ ሳቋን ግን አልሳትኩት።

ሁለት መቶ አርባ ዩሮ፣ በፖስታ፣ በክር ተጠፍሮ።
«ደረሰኝ ጻፍልኝ» አለች፤ «ግን ‹ተቆረጠ› እንዳትል።»
«ምን ልበል ታዲያ?»
«እሱን አንተ አስብበት።»
በሩ ተዘጋ።

«ማስወገድ» ብልስ? ቃሉ ቆሻሻ ቆሻሻ ይሸታል።
«ስንብት» ብዬ ብጽፍ፣ የግብሩ ሰው መነጽሩን አውልቆ
«ስንብት በሰዓት ስንት ነው?» ይለኛል።
ሰዓቱስ? ዘርይሁን «ሦስት» ይላል፣ ከመሰላል እስከ ጠረጋ፤
አንዱን ግን ቆሜ ነበር፤ የመስማት ስንት ነው ዋጋ?
«መስማትም ሥራ ነው፤ ወገብ ያማል!» ብሎ ሳቀ።
ሁለት ብዬ ብጽፍ ሰማንያ ዩሮ ልመልስ ነው፤
ሦስት ብዬ ብጽፍ ሐዘኗን ለራሷ መሸጤ ነው።

በነሱ አፍ የዚህ ወረቀት ስም «ዕዳ የለም፣ አበቃ» ይመስላል፤
በኔ አፍ ደረሰኝ ነው፤ «ወደ እኔ መጣ» ይላል።
ገንዘቡ ደረሰኝ፤ እሱስ እውነት፤
ከገንዘቡ ጋር የመጣው ግን
ዓምድ አልተሰመረለት።

ጉቶው ትዝ አለኝ፤ ጉልበት ድረስ ትተነዋል፤
ሻካራ ነው፣ ገና ሙጫ ያለቅሳል።
ብዕሬን አነሣሁ፦
የፕሪም ዛፍ ሥራ፣ ሁለት ሰዓት።
የአትክልት መቀመጫ፣ አንድ ሰዓት።
ቀኑን የነገ አደረግሁት።
ነገ መላጊያ ይዤ ሄጄ ጉቶውን ላለሰልሰው ነው፣
ደረሰኙ እንዳይዋሽ።

ከእጅጌዬ ሰጋቱራ ረግፎ ፊርማዬ ላይ አረፈ፤ እፍ አልኩት።
«የጥርስ ሐኪሙስ?» አለ ዘርይሁን፣ ከመጋዙ ቀና ሳይል፤
«ሣሩን ካጨድንለት ሦስት ወሩ!»
ጥራዙን ዘጋሁት።
«ለሱ ምን እጽፋለሁ?
አልደረሰኝማ።»