በደብተሩ ኅዳግ ላይ

ዛሬ ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤ ተራው የኔ ነው፤
ከቀበሌ አሥራ አራት ይርሳው ነው ያመጣው።
ሽፋኑ ላይ የባጃጅ ዘይት ጠብቶበት፣
መሃል ገጹ የዓሣ ሽታና እርጥበት።

አምስት ሆነን ጀምረን አምስት ጀግና ወለድን፣
በየተራ እየጻፍን አንድ ከተማ ተከልን፤
ባሕር ዳር ናት እንዳንል፣ ዘንባባዋ ያወራል፤
አይደለችም እንዳንል፣ ያው ጣና ይሸታል።

ሕጋችን አንዲት ናት፤ «የሰው ጀግና አትግደል፤
ጥሎህ ቢሮጥ እንኳ ከኋላው ተከተል።»

ከመጻፌ በፊት፣ እዚህች ጠርዝ ላይ፣
ፊት ለፊት ያፈርኩትን ልጻፈው፣ ሰው ሳያይ።

ይርሳው፣
ቀን ከፔዳ ድልድይ ስትነዳ ውለህ፣
ማታ በዛለ እጅህ አንድ ሰው ፈጥረህ፤
ከጢስ ዓባይ ጢስ ነው አካሉ የተሠራ፣
ግድግዳ አያቆመው፣ ጥይት አይፈራ።
እኔ ብሆን ኖሮ ጦር አዘምተው ነበር፤
አንተ ግን ልጁን ትምህርት ቤት እንዲያደርስ ላክኸው።
አስፋልቱን ሲሻገሩ እጇን ልያዝ ቢል፣
ጣቶቹ ሾለኩ።
«መዳፏ ረጠበ» ብለህ ዘጋኸው፤
ሁለት ቃል።
ሻዬ ፊቴ ቀዘቀዘ፣ አሳላፊው መጥቶ «ይቀየር?» እስኪል።

ማንጠግቦሽ፣
ክፉዋን ማን ይጻፍ ሲባል ሁላችን ስንሸሽ፣
እንቅልፍሽን ሳትጨርሺ፣ በነጭ ጋዋንሽ፣ «እኔ» ያልሽ።
የእምቦጭ ንግሥት አደረግሻት፤ ሐምራዊ ዘውድ ጭና፣
ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች፣ የምትውጥ ጣና።
ልናጭዳት ተሰልፈን፣ ማጭዳችንን ስለን፣
ቀና ብላ አየችን፤
«ውኃ ሰጣችሁኝ፣ በቀልኩ፤ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»
አራት ጀግና ቆሞ መልስ አጣ።
እስካሁንም መልስ የለን፤ ይኸው ሦስት ወሩ ነው።

እንድሪስ፣ ፊደል ትገድፋለህ፤ ይገደፍ፣ ግድ የለም፤
ያንተን ድብድብ ያህል የሚያም አላየሁም።
ደንገል ነው ክንዱ ያንተ ሰው፤ ሲመቱት ይለመልማል፣
ድል ካደረገ በኋላ ግን ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤
እንደ አባትህ ታንኳ ግንብ ተደግፎ ቆሞ፣
ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ዝም ብሎ።
ጀግና እስኪደርቅ መጠበቅ!
ጠዋት ጠዋት ታንኳ ሲገለብጥ ካላደገ በቀር
ይህን ማን ያስባል?

አንቺ ግን፣ የውብዳር፣
ከሁላችን ታናሽ፣ ገና የአሥራ አንደኛ ክፍል፣
ምን ብዬ ላመስግንሽ? እውነቱን ልናገር፤
መጀመሪያ ቀናሁ።
ደብተሩን ሦስት ቀን ደበቅኩት፤
«ዝናብ መትቶት እየደረቀ ነው» ብዬ ለእንድሪስ ዋሸሁ።

የኔ መብረቅ ሰውዬ ሰባት ገጽ ሙሉ ያሸንፋል፤
ማንም አይነካውም፣ እሱም ማንንም አይነካም።
አንቺ በተራሽ መጥተሽ የጫማውን ክር ፈታሽ።
ጎንበስ ብሎ ሲያስር፣ ከጎኑ አንዲት ሎሚ ሻጭ
«ስምህ ማነው?» አለችው።
ጠፋበት።
ሰባት ገጽ ስጽፍ ስም እንዳላወጣሁለት
እኔ ራሴ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትናንት ሐይቁ ዳር ዘንባባ ሥር ተቀምጬ
ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ ቆጠርኩ፤
የዘጌ ጀልባ ሲነሣ ጥሩንባ ነፋ፣ ቀና አላልኩም።
ዐሥራ ሁለት ተራ ጽፈሻል፤
የይርሳውን ልጅ መዳፍ በሻሽሽ አድርቀሻል፣
የማንጠግቦሽን ንግሥት ፀጉር አበጥረሻል፣
ለእንድሪስ ሰው ደመና ገፍተሻል፤
ለራስሽ ጀግና ግን አራት መስመር፤
መብራት ሲጠፋ የምታይ ልጅ።
አንድም ቀን ጨለማ አልሰጠናትም።

እንግዲህ ተራዬ ነው፤ ኅዳጉም አለቀ።
ከዚህ በታች፣ መስመሩ ላይ፣ እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦

በከተማው ሁሉ መብራት ጠፋ።
ጢሱ ቆመ፣ ደንገሉ ቆመ፣ ንግሥቲቱ ቆመች፤
መብረቄም፣ ስሙን የረሳው፣ እጁን ኪሱ ከተተ።
ማንም ማንንም አላየም።
የውብዳር፣ ልጅቱን አስገቢያት።